የሰፈር ኮሚሽነሮች እጅ ሲያወጡ

አንድ ማክሰኞ ማታ ስልኬ ጠራ። እትዬ ነበሩ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እኔም ድሮም እትዬ ብዬ ነው የምጠራቸው።

"ልጄ፣ የሰፈሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ በእኔ ጉዳይ ድምፅ ሊሰጥ ነው አሉኝ። ምን አድርጌያቸው ነው?"

ምንም አላደረጉም። ከምግቡ ጋር ቢራና ጠጅ ለመሸጥ የመጠጥ ፈቃድ ጠይቀዋል። መስኮታቸው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከዚያ ኢሜይል መጣ። "ማመልከቻዎ በሚቀጥለው የኤኤንሲ ስብሰባ አጀንዳ ተይዟል፣ ቢገኙ ጥሩ ነው" ይላል። ጨዋ ደብዳቤ ነው። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው የሰሙት። እትዬ ያደጉት አዲስ አበባ በደርግ ጊዜ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ ቀበሌ ሲቋቋም ልጅ ነበሩ። ስኳሩ የሚታደለው ቀበሌ ነው፤ ሰው የሚታሰረውም ቀበሌ። "የሰፈር ስብሰባ" እና "ውሳኔ" የሚሉት ቃላት አብረው ጆሯቸው ሲገቡ ሆዳቸው ባር ባር አለ። አልፈርድባቸውም።

ብዙ ወገኖቻችን ስለዚህ ስብሰባ የሚሰሙት እንደ እትዬ ነው፤ ጉዳዩ በራቸው ላይ ሲደርስ። ያኔ ደግሞ ጊዜው ያጥራል። ስለዚህ ለእሳቸው በስልክና በቡና ላይ የነገርኳቸውን፣ አብሬያቸው ሄጄም ያየሁትን እዚህ ላስፍረው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኤኤንሲ ምንድነው?

በአማርኛ ብንመልሰው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ነው። ዲሲ እንደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ስቴት አይደለችም። ለረጅም ዘመን የምትተዳደረው በኮንግረስ ነበር። ነዋሪው የገዛ ከንቲባውን እንኳ አይመርጥም ነበር። በ1973 መጨረሻ የራስ አስተዳደር ሕግ ወጣ። በ1974 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው፤ በዚያው ቀን የሰፈር ኮሚሽኖች እንዲቋቋሙም ተስማማ። የመጀመሪያዎቹ ኮሚሽነሮች በ1976 ተመረጡ።

አሁን ያለው አወቃቀር እንዲህ ነው። ከላይ ከንቲባውና 13 አባላት ያሉት የከተማው ምክር ቤት አሉ። ከተማዋ በ8 ዋርድ ተከፍላለች። በየዋርዱ ውስጥ ኮሚሽኖቹ አሉ፤ ከ2023 ጀምሮ 46 ናቸው። ኮሚሽኖቹ ደግሞ በ345 ትንንሽ የምርጫ ክልሎች ተከፍለዋል። ከእያንዳንዱ ክልል አንድ ኮሚሽነር ይመረጣል።

አንድ ክልል ወደ 2,000 ሰው ይይዛል። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ጥቂት ብሎኮች ማለት ነው፤ ትልልቅ አፓርታማ ባለበት ቦታ ደግሞ ሁለት ሦስት ሕንፃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኮሚሽነራችሁን ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ደመወዝ የለውም። በፓርቲ ስም አይወዳደርም። የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው። ቀን መምህር ወይም ጠበቃ ወይም ጡረተኛ ነው፤ ማታ ስለ ቆሻሻ ገንዳና ስለ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይከራከራል።

ክልላችሁ የፊደልና የቁጥር ስም አለው። ለምሳሌ 1ሲ03 ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቁጥር ዋርዱን፣ ፊደሉ ኮሚሽኑን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የእናንተን ክልል ይነግሯችኋል። ብዙ የሐበሻ ምግብ ቤት የነበረበትና አሁንም ያለበት አዳምስ ሞርጋን 1ሲ ውስጥ ነው። ዩ ስትሪት አካባቢ ደግሞ አብዛኛው 1ቢ ነው። አድራሻችሁን የከተማው ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ የኮሚሽነራችሁን ስምና ኢሜይል ያወጣላችኋል።

"አማካሪ" ከሆነ ምን ያስፈራል?

እትዬ ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ ተንፈስ አሉ። "ታዲያ ምክር ብቻ ከሆነ ልተወው እንዴ?" አሉኝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እውነት ነው፣ ኮሚሽኑ በራሱ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይነሳምም። ቅጣት አይጥልም። መንገድ አይቆፍርም። በኮሚሽኑ ስም ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰስ እንኳ አይችልም። የመጠጥ ፈቃዱን የሚወስነው የመጠጥ ቦርዱ ነው። የግንባታ ጉዳይ የዞኒንግ ቦርድ ነው፤ ዞኒንግ ማለት የት ቦታ ላይ ምን ይገንባ የሚለው ደንብ ነው። የብስክሌት መስመርና የእግረኛ ማቋረጫ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ነው።

ነገር ግን ሕጉ አንድ ሐረግ አለው፤ የኮሚሽኑ ምክር "ከፍተኛ ክብደት" ይሰጠው ይላል። ሐረጉ ሲነበብ ማባበያ ይመስላል። ክብደቱ ስንት ኪሎ ነው? ማን ይመዝነዋል? ይህ ጥያቄ ወዲያው ፍርድ ቤት ደረሰ። የሚገርመው፣ የተነሳው በመጠጥ ፈቃድ ጉዳይ ነው። በ1977 የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኮፍ በተባሉ ነዋሪና በመጠጥ ቦርዱ መካከል በነበረ ክርክር መልሱን ሰጠ።

መልሱን በቀላል አማርኛ ላስቀምጠው። መሥሪያ ቤቱ ኮሚሽኑ ያለውን ሁሉ መቀበል የለበትም። ኮሚሽኑ ትክክል ነው ብሎ መነሳትም አይጠበቅበትም። ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ኮሚሽኑ ያነሳቸውን ስጋቶች አንድ በአንድ አንስቶ፣ ይህኛው አሳመነኝ፣ ያኛው አላሳመነኝም፣ ምክንያቴም ይህ ነው ብሎ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ካልመለሰ ውሳኔው ይግባኝ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ለእትዬ በቤታችን ምሳሌ ነገርኳቸው። ሽማግሌ ልጅቷን ለመጠየቅ ሲላክ አባትዬው እምቢ ማለት ይችላል። ግን ሽማግሌውን በር ላይ አቁሞ ዝም ማለት ነውር ነው። ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ እምቢ የሚልበትን ምክንያት መናገር አለበት። እዚህ ያንን ነውር ሕግ አድርገውታል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ኮሚሽነራችሁ በግሉ "እደግፍሃለሁ" ቢላችሁ ያ ቃል በሕግ ፊት ከፍተኛ ክብደት የለውም። ክብደት ያለው በሥርዓት በተጠራ ክፍት ስብሰባ፣ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ፣ ድምፅ ተሰጥቶበት በጽሑፍ የተላከ ውሳኔ ነው። ለዚህ ነው ለዞኒንግ የሚላከው ሪፖርት ስብሰባው መቼ እንደተጠራ፣ ምልዓተ ጉባኤው ስንት እንደሆነ፣ ድምፁ ስንት ለስንት እንደሆነ የሚጽፈው። አንዱ ከጎደለ ክብደቱ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ይበልጣል። መሥሪያ ቤቱ መልስ የሚሰጠው ለተጻፉት ስጋቶች ነው። "ኮሚሽኑ ይህን ፈቃድ ይቃወማል" ብላ የምትቆም ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ ብዙም አትገፋም። የሚመለስ ነገር የላትማ። "ከዚህ ቤት ጀርባ ባለው መተላለፊያ በኩል 12 መኝታ ቤቶች መስኮታቸው ይከፈታል፣ ጠርሙስ የሚደፋውም እዚያው ነው" የምትል ደብዳቤ ግን መልስ ታስገድዳለች። ስለዚህ ከድምፁ ቆጠራ ይልቅ ደብዳቤው ውስጥ ምን እንደገባ ነው ማየት ያለባችሁ። ደብዳቤው ውስጥ የሚገባው ደግሞ ስብሰባው ላይ የተነገረው ነው።

ስብሰባው ላይ ምን ይደረጋል?

ኮሚሽኖቹ በዓመት ቢያንስ 9 ጊዜ መሰብሰብ አለባቸው። አብዛኞቹ በወር አንዴ ማታ ይሰበሰባሉ። አንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከኮቪድ ወዲህ በኢንተርኔት፣ ዙም ላይ። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው። ከእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ ለነዋሪ የሚሆን ጊዜ መመደብም በሕግ ግዴታቸው ነው። መታወቂያ የሚጠይቃችሁ የለም።

የእትዬ ስብሰባ በአካል ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሚታጠፉ ወንበሮች ተደርድረዋል። ፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ ከኋላው ስምንት ኮሚሽነሮች፣ ከፊታቸው የስም ካርድና የውኃ ላስቲክ። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ሁለተኛው ረድፍ ተቀመጡ። የእሳቸው ጉዳይ ሰባተኛ ነበር።

አጀንዳውን አስቀድማችሁ አግኙት። ከስብሰባው በፊት ይወጣል። አንዳንድ ጉዳዮች በጅምላ ይቀመጡና ያለ ክርክር በአንድ ድምፅ ያልፋሉ። ከኮሚሽነሮቹ አንዱ "ይህ ለብቻው ይታይልኝ" ካለ ግን ይወጣና ለብቻው ይታያል። የእናንተ ጉዳይ ጅምላው ውስጥ ካለ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው። የጎረቤታችሁ ጉዳይ ጅምላው ውስጥ ካለና እናንተን የሚያሳስባችሁ ከሆነ ደግሞ ከስብሰባው በፊት ለኮሚሽነራችሁ ጻፉለት። እዚያው ሲደርስ እጅ ብታወጡ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ተራ ሲደርስ አመልካቹ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል። ኮሚሽነሮቹ ይጠይቃሉ። ከዚያ ነዋሪው። ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሰዓት የሚይዝ ሰው አለ። ከዚያ አንድ ኮሚሽነር የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ሌላው "ሰከንድ" ይላል። እዚህ ላይ ወገኖቻችን ሲደናገጡ አይቻለሁ። "ሰከንድ" ማለት እደግፋለሁ ማለት አይደለም። "ይህ ሐሳብ ውይይት ይገባዋል" ማለት ብቻ ነው። ሰከንድ ያለው ሰው ራሱ በመጨረሻ ተቃውሞ ሊያወጣ ይችላል።

ከዚያ ይከራከራሉ። ሐሳቡ ይሻሻላል፤ አንድ ቃል ይወጣል፣ አንድ ሰዓት ይጨመራል። ከዚያ ድምፅ። ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፅ ተዓቅቦ። ውጤቱ በቃለ ጉባኤ ይያዛል።

ጠርሙሱ

የእትዬ ጉዳይ ሲጠራ እኔ ላስተረጉም አብሬ ወጣሁ። ስለ ምግባቸው ተናገሩ፤ ስንት ሠራተኛ እንዳላቸው፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ። ኮሚሽነሮቹ ፈገግ አሉ። የሚያልቅ መሰለኝ።

ከኋላ አንድ ትልቅ ሰው ተነሱ። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለው ቤት ለረጅም ዓመታት የኖሩ ሰው ናቸው። "ይህችን ሴትዮ አልጠላትም" ብለው ጀመሩ። "ከእሷ በፊት የነበረው ቤት ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጠርሙስ ይደፋ ነበር። አንድ ከረጢት ሙሉ፣ ባዶ የብረት ገንዳ ውስጥ። ሚስቴ ታማ ነበር። በየሌሊቱ ትነሳ ነበር።" ከዚያ ቁጭ አሉ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ለእትዬ ተረጎምኩላቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ማይክራፎኑን ሳይጠብቁ ወደ ሰውዬው ዞረው በአማርኛ "እኔም አስታምሜ አውቃለሁ፣ አይደፋም፤ ጠዋት ነው የምናወጣው" አሉ። ተረጎምኩ። ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህን የምነግራችሁ ልብ ለመንካት ብቻ አይደለም። ያቺ ጠርሙስ ሰነድ ውስጥ ገብታለች። አንድ ኮሚሽነር "ይህ የስምምነቱ አንቀጽ ይሁን" አለች። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጠርሙስ ውጭ ገንዳ ውስጥ እንዳይጣል። የገንዳው ክዳን ሁሌ እንዲዘጋ፤ አይጥ ስላለ። ሙዚቃ ሲኖር መስኮትና በር እንዲዘጋ። እትዬ ሁሉንም ተቀበሉ። አንድ ብቻ እምቢ አሉ። በሳምንት መጨረሻ ማሲንቆ ሲኖር እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ብቻ ይሁን ተባሉ፤ "ሰው የሚመጣው በአራት ሰዓት ነው" አሉ። አምስት ሰዓት ላይ ተስማሙ።

ድምፅ ተሰጠ። 6 ድጋፍ፣ 1 ተቃውሞ፣ 1 ድምፅ ተዓቅቦ። የተቃወመው ኮሚሽነር ምክንያቱ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ሐሳቡ ስለተሸነፈ የኮሚሽኑ አቋም ሆኖ አልሄደም።

እንዲህ ያለው ውል የመግባቢያ ስምምነት ነው። ቦርዱ ሲያጸድቀው የፈቃዱ አካል ይሆናል። ከዚያ በኋላ የጨዋታ ቃል አይደለም። ብትጥሱት መርማሪ ይመጣል፣ ቅጣት አለ። ለሚያመለክቱ ሁሉ አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው። ፈቃዱ ቶሎ እንዲያልፍልኝ ብላችሁ የማትጠብቁትን ቃል አትፈርሙ። ኮሚሽነሮቹ አዘጋጅተው የሚያመጡት ቅጽ ረጅም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን መስመር አንብቡ፣ አስነብቡ። "ይህን አልችልም፣ ይህን እችላለሁ" ማለት መብታችሁ ነው። እትዬ ማሲንቆውን ያዳኑት እንደዚያ ነው።

ካልተስማማችሁስ? ኮሚሽኑ ለቦርዱ ተቃውሞ ማስገባት ይችላል። የአካባቢው ነዋሪዎችም በቡድን ሆነው፣ ወይም ድንበር የሚጋራ ባለንብረት ብቻውን፣ መቃወም ይችላሉ። ጉዳዩ መጀመሪያ ወደ ሽምግልና ይሄዳል፤ ያ ካልሆነ ቦርዱ ፊት ይሰማል። ቦርዱ የሚመዝነው የሰፈሩን ሰላምና ጸጥታ፣ የመኪና ማቆሚያና የእግረኛ ደህንነት፣ የንብረት ዋጋን ነው። ወራት ይፈጃል። ኪራይ እየከፈሉ መጠበቅ ምን እንደሆነ ምግብ ቤት የከፈተ ያውቀዋል። ብዙዎች ኮሚሽኑ ላይ መስማማትን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ከኮሚሽኑ ጋር ስምምነት ተፈርሞ ቦርዱ ካጸደቀው የነዋሪዎቹ ቡድን ተቃውሞ ይዘጋል። ከኮሚሽኑ ጋር መግባባት ይህን ያህል ዋጋ አለው። ይህ ለነዋሪዎቹ ፍትሐዊ ነው ወይ ለሚለው፣ እኔ ራሴ ጥያቄ አለኝ። ስምምነቱ ውስጥ ስጋታቸው ካልተካተተ በሩ ተዘጋባቸው ማለት ነውና። ለዚህም ነው ነዋሪው በኮሚሽኑ ስብሰባ ላይ መገኘት ያለበት፣ እንደ ጠርሙሱ ሰውዬ።

ሁሌ በስምምነት አያልቅም

የሰፈር ክርክር ሁሌ በአንድ አንቀጽ የሚፈታ አይደለም። በ2005 አካባቢ የኛ ነጋዴዎች እዚሁ ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አጠገብ ባለው ሾው በሚባል ሰፈር፣ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ያለውን ስፍራ "ሊትል ኢትዮጵያ" ለማሰኘት ተነሥተው ነበር። ሎስ አንጀለስ በ2002 ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ቁራጭ እንዲያ ብላ ሰይማዋለች። ዲሲ ላይ ግን የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ነባር ነዋሪዎች ብዙዎቹ ተቃወሙ። የዩ ስትሪት አካባቢ በመድልዎ ዘመን የእነሱ ቲያትር፣ የእነሱ ሱቅ፣ የእነሱ ሙዚቃ የነበረበት ስፍራ ነው። ታሪካችን ሊሸፈን ነው ብለው ሰጉ። የኛዎቹም ባዶ ሱቆችን አንስተን ሕይወት ዘርተንበታል አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት ከነባሮቹ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቀድም ነበር እላለሁ። ስም የሚጸድቀው ምክር ቤት ውስጥ ነው፤ የሚጸናው ግን ጎረቤት ሲቀበለው ነው።

የሌላው ጊዜ ክርክር ከዚህ ያነሰ ይመስላል፤ ሰውን ግን እኩል ያንገበግባል። የብስክሌት መስመር ሲመጣ የመኪና ማቆሚያ ይጠፋል። ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ማታ ሲገባ የት ያቆማል? ልጇን በብስክሌት ትምህርት ቤት የምታደርሰው እናትስ? ስብሰባው ላይ የብስክሌት ደጋፊዎቹ በብዛት ይመጣሉ፤ ታክሲ ነጂው ሥራ ላይ ነው። ኮሚሽነሩ የሚሰማው የመጣውን ነው። መምጣት ካልቻላችሁ ኢሜይል ላኩ። አጭር ይሁን፤ አድራሻችሁን፣ የሚደርስባችሁን፣ የምትጠይቁትን ጻፉ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ነገር ከመወሰናቸው በፊት ለኮሚሽኑ 30 የሥራ ቀን አስቀድመው ማስታወቅ አለባቸው። ያ ጊዜ የእናንተም ነው።

ማን ይመርጣል፣ ማን ይመረጣል?

ምርጫው በየሁለት ዓመቱ በኖቬምበር፣ ሙሉ ቁጥር በሆነ ዓመት ነው። ለመወዳደር ከራሳችሁ ክልል ከተመዘገቡ መራጮች 25 ፊርማ ይበቃል። 25! አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕንፃችሁን ብትዞሩ ይሞላል። ብዙ ቦታ አንድ ሰው ብቻ ይወዳደራል። አንዳንድ ቦታ ማንም አይመዘገብም፤ መቀመጫው ባዶ ይቀራል። ይህን ሳይ ያሳዝነኛል። ዲሲ ውስጥ ስንት የተማረ፣ ሰው የሚያስታርቅ፣ እድር የሚመራ ሰው አለን።

ዜግነት የሌላችሁም ስሙ። የከተማው ምክር ቤት በ2022 ያወጣው ሕግ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በአካባቢ ምርጫ እንዲሳተፉ ፈቅዷል። በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ መርጠዋል። ከንቲባ፣ የምክር ቤት አባል፣ የሰፈር ኮሚሽነር፤ ይህ ሁሉ የአካባቢ ምርጫ ነው። የፕሬዚዳንት ምርጫ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ሲሳሳቱ የሚያስከትለው ከባድ ነው። የዜግነት ማመልከቻውም ስለ ምርጫ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ኮንግረስ ውስጥ ይህን ሕግ ለመሻር የሚሠሩም አሉና ወቅታዊውን አጣሩ። ስብሰባ ላይ ለመናገር ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። እዚያ የምትኖሩ መሆናችሁ ይበቃል።

ቋንቋውስ? የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። አማርኛ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቦርዱ ፊት ስትቀርቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ "ልጄ ይተረጉምልኛል" ብላችሁ አትተዉት። ልጅ ወላጁን የሚያሳፍር ቃል ሲሰማ ይዘለዋል። ለኮሚሽኑ ስብሰባ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ለኮሚሽነሩ ብትጽፉ ብዙዎቹ መላ ይፈልጋሉ።

ከዲሲ ድንበር ማዶ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ "የኛስ ኤኤንሲ የት ነው?" እንዳትሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ከንቲባም ምክር ቤትም የላትም፤ ጉዳያችሁ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ነው። ከእሷ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ግን የራሷ ምክር ቤት አላት፤ ዜጋ ላልሆነ ነዋሪም ድምፅ ከሰጠች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ድንበሩ አንድ ጎዳና ነው። በየት በኩል እንደምትኖሩ እወቁ።

እትዬ ፈቃዳቸውን ከሳምንታት በኋላ አገኙ። በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ያኔም ኮሚሽኑ ይጠየቃል። የስምምነቱን ወረቀት አስተርጉመው ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከገንዳው በር አጠገብ ለጠፉት። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ባለፈው ወር ደወልኩላቸው። ማታ ነበር፣ ስልኩን ዝቅ ባለ ድምፅ አነሱት። "ልጄ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ኋላ ልደውልልህ" አሉኝ። የሳቸው ጉዳይ አልነበረም። የጠርሙሱ ሰውዬ መተላለፊያው ላይ መብራት እንዲተከል ጠይቀው ነበርና፣ ሊደግፏቸው ነው የሄዱት።